ሞተረኛው ልጅ የት ይወዳደር?

(በመቱ ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር ሳይክል ውድድር ነው። ርእሱን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢከፋቸውም አይፈረድባቸውም። በእኛ አካባቢ ሞተር ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የተሰበረ እግር፣ የተላጠ ጉልበት፣ አንዳንዴም ለቅሶ ቤት ነው። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአስፋልቱ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ በሰውና በከብት መሐል የሚደረግ እሽቅድምድም ስፖርት አይደለም፤ መቆም አለበት። በምክርና በቁጣ ብቻ ግን አይቆምም። ልጁ መፍጠን ይፈልጋል፤ ከጓደኛው መብለጥ ይፈልጋል። ይህን ፍላጎት የሚያሳርፍበት የተከለለ ቦታ፣ የታወቀ ሥርዓትና ወደፊት የሚያይበት ተስፋ ካላገኘ ወደ አስፋልቱ ይመለሳል። ሌሎች አገሮች ይህን አይተው ለታዳጊዎች የውድድር መርሐ ግብር ሠሩ፤ ከዚያም ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኖች ወጡ። እንዴት እንደሠሩት፣ ከዚያም ውስጥ ለእኛ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ ግን እዚህ ያለንን ነገር እንይ። ክረምት ላይ ከገጠር ቀበሌ ወደ መቱ የሚመጣን አንድ ሞተረኛ አስተውሉት። ከኋላው የቡና ጆንያ ታስሯል፤ አንዳንዴ በጆንያው ፈንታ የታመመች እናት ተቀምጣለች። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ ፍሪሲዮን አይዝም፤ ማርሹን ወደ ሁለት አውርዶ ፍጥነቱን ኢንጂኑ ራሱ እንዲይዝለት ይተዋል። የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት ይነካል እንጂ አይጨብጥም፤ ጭቃ ላይ የፊት ጎማ ከተቆለፈ መውደቅ የማይቀር መሆኑን ያውቃል። ዓይኑ ከጎማው ሥር አይደለም፤ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ቀድሞ መስመሩን ይመርጣል። የኋላ ጎማ ወደ ጎን ሲከዳው ነዳጁን በድንጋጤ አይዘጋም፤ ወገቡን መለስ አድርጎ፣ መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ ሰጥቶ ያልፈዋል። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ መንገዱ ራሱ አስተማረው። በሌላው ዓለም ግን ይህንኑ ለልጆቻቸው ለማስተማር አሠልጣኝ የሚቀጥሩ፣ የግል ሜዳ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ፤ መሠረታዊ ነጥብ ነውና።

አሁን ወደ ማሌዥያ ልውሰዳችሁ። እዚያ ትንሿ ሞተር ሳይክል እንደ እኛው የእንጀራ መሣሪያ ናት። ገበያ ትወርዳለች፣ ዕቃ ትጭናለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1994 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይህችኑ የዕለት ተዕለት ሞተር መወዳደሪያ ያደረገ አገር አቀፍ ውድድር ተጀመረ፤ ስሙ ካብ ፕሪ ይባላል። ያስጀመሩት ሰዎች ትልቅ ትራክ እስኪሠራ፣ ውድ የውድድር ሞተር ከውጭ እስኪገባ አልጠበቁም። ያለውን ትንሽ ሞተር አጠናክረው፣ ትራክ በሌለበት ከተማ ለዕለቱ መንገድ ዘግተውና ዳሩን አጥረው ልጆቹን አወዳደሩ። የአገሩ ሰው በእግሩ መጥቶ ያያል፤ ጀማሪው ከጀማሪ፣ የበሰለው ከበሰለው ጋር ይጋጠማል። ልጁ እየበሰለ ሲሄድ ወደሚቀጥለው ምድብ ያልፋል። መካኒኩም አብሮት ይማራል፤ ካርቡራተር ማስተካከል፣ ጎማ መምረጥ፣ ካቴና ማጥበቅ ሁሉ በሰዓት የሚለካ ትምህርት ሆነ።

ዙልፋህሚ ካይሩዲን የወጣው ከዚህ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአገሩ የሴፓንግ ትራክ ላይ በዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ደረጃ በሆነው በሞቶ ስሪ ውድድር ሁለተኛ ወጣ። በ2016 ኻይሩል ኢድሃም ፓዊ አርጀንቲና ላይ በረጠበ ትራክ አሸንፎ ለማሌዥያ የመጀመሪያውን የግራንድ ፕሪ (የዓለም ሻምፒዮና ውድድር) ድል አመጣ። በ2018 ደግሞ ከካብ ፕሪ ያለፈው ሐፊዝ ሲያህሪን ሞቶ ጂፒ በሚባለው ከፍተኛ ምድብ የተሰለፈ የመጀመሪያው ማሌዥያዊ ሆነ። ከ1994 እስከ 2018 ድረስ 24 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። የመጀመሪያው ውድድር ሲጀመር ሐፊዝ ገና ሕፃን ነበር። ማሌዥያ ውስጥ በመንገድ ላይ በሕገወጥ የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ዛሬም አሉ፤ ውድድሩ ያንን ችግር ጨርሶ አላጠፋውም። ሆኖም ከዚያ የተለየ መንገድ ለሚፈልግ ልጅ መንገድ ከፈተለት፤ የእኔም ክርክር ከዚህ አያልፍም።

ታይላንድን በአጭሩ ልጨምር። ሶምኪያት ቻንትራ የታይላንድ ልጅ ነው። በእስያ ለሚገኙ ታዳጊዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኤሺያ ታለንት ካፕ በሚል ስም የተጀመረ ውድድር አለ፤ ሁሉም የሚወዳደሩት በአንድ ዓይነት የሆንዳ ሞተር ነው። ቻንትራ በ2016 ሻምፒዮን ሆነ። በ2022 ኢንዶኔዥያ ላይ በመካከለኛው ደረጃ በሞቶ ቱ ሲያሸንፍ በግራንድ ፕሪ ያሸነፈ የመጀመሪያው ታይላንዳዊ ነበር፤ በ2025 ወደ ሞቶ ጂፒ ገባ።

እነዚህን ስሞች የጠራሁት መሰላሉን ለማሳየት ነው። በዓለም ሻምፒዮናው ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ሞቶ ስሪ በ250 ሲሲ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር፣ ሞቶ ቱ በ765 ሲሲ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ሞቶ ጂፒ ደግሞ እስካሁን በ1000 ሲሲ ሲካሄዱ የቆዩ ናቸው። ከእነዚህ በታች የታዳጊዎቹ ውድድሮች አሉ፤ በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ታለንት ካፕ በሚል ስም የተጀመሩት፣ ከፍ ሲል ሩኪስ ካፕ የሚባለው። ከሁሉም ታች እ.ኤ.አ. በ2021 ሚኒ ጂፒ በሚል ስም የተጀመረው ውድድር ይገኛል። ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ሲሆኑ የሚነዷት ሞተር 160 ሲሲ ብቻ ነበረች፤ የሚወዳደሩትም ለትናንሽ ካርት መኪኖች በተሠራ አጭር ትራክ ላይ ነው። እንግዲህ መቱ ገበያ ውስጥ ሰው ጭና የምትሄደው ሞተር ከዚህች የመጀመሪያ ደረጃ ሞተር በሲሲ ብዙም አትርቅም። ልዩነቱ ያለው በሞተሯ ዙሪያ ባለው ሥርዓት ላይ ነው።

ስለ ሩኪስ ካፕ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉም የበለጠ ያስደነቀኝ እሱ ነው። በ2007 አውሮፓ ውስጥ ተጀመረ። ሲጀመር የገጠመው ችግር የሀብት ችግር ነበር። የሞተር ውድድር ውድ ነው፤ የሀብታም ልጅ የተሻለ ኢንጂን ገዝቶ ጎበዙን የድሃ ልጅ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሞተሩን ራሳቸው አቀረቡ። ሁሉም ልጅ የሚነዳው አንድ ዓይነት ኬቲኤም ነው። ሞተሮቹ ለልጆቹ የሚከፋፈሉት በዕጣ ነው፤ መካኒኩም ጎማውም ልብሱም የሚመጣው ከአዘጋጁ ነው። ልጁ ይዞት የሚመጣው ችሎታውንና ልቡን ብቻ ነው። ከመላው ዓለም ከሚያመለክቱት መካከል ወደ መቶ የሚጠጉት ለሙከራ ይጠሩና ባለሙያዎች እያዩ ይመርጧቸዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ፈረንሳዊው ዮሐን ዛርኮ ነበር፤ ዛሬም በሞቶ ጂፒ ይወዳደራል። የ2014ቱ ሻምፒዮን ስፔናዊው ሆርሄ ማርቲን ቤተሰቡ የውድድር ወጪ መሸፈን የማይችል ልጅ ነበር። ያ ውድድር ባይኖር ኖሮ የውድድር ሕይወቱ እዚያው ይቀር ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ የሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የ2020 ሻምፒዮኑ ፔድሮ አኮስታ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በሞቶ ስሪ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ገና 17 ዓመቱ ነበር። እኩል ሞተር፣ በዕጣ የሚከፋፈል ሞተር፣ ይህ ቀላል የሚመስል ደንብ ነው የዓሣ አጥማጁን ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ጎን በአንድ መስመር ያቆመው። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ደንብ ያዙልኝ።

«ይህ ሁሉ የአውሮፓውያንና የእስያውያን ነገር ነው» የሚል ካለ፣ ብራድ ቢንደርን ላስተዋውቀው። ቢንደር የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው፤ የተወለደው ፖቸፍስትሩም በምትባል ከተማ ነው። ከ2009 እስከ 2011 በሩኪስ ካፕ ተወዳደረ። በ2016 ስፔን ላይ በሞቶ ስሪ ውድድር በቴክኒክ ጥፋት ተቀጥቶ ከመጨረሻው ቦታ እንዲነሳ ተደረገ። ከ30 በላይ ተወዳዳሪ ከፊቱ አለ፤ ሁሉንም አልፎ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የሞቶ ስሪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ወደ ሞቶ ጂፒ በገባ በሦስተኛ ውድድሩ ቼክ ሪፐብሊክ ላይ አሸነፈ፤ በዚህ ደረጃ ለደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ድል ነበር። በ2023 ጣልያን ሙጄሎ ላይ በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በሞቶ ጂፒ ውድድር ከተመዘገበው ፍጥነት ሁሉ የላቀ ነበር። ከእሱ ብዙ ዓመታት በፊትም ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ አልበርቲን በአፈር ላይ በሚደረገው የሞቶክሮስ ውድድር በ1992፣ በ1993 እና በ1994 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከእኛም ብዙ ሳይርቅ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አጠገብ ጋሩጋ በተባለ ቦታ የሞቶክሮስ ሜዳ አለ፤ በ50 ሲሲ ሞተር የሚጀምሩ ትናንሽ ልጆች እዚያ ይወዳደራሉ። ሞቶክሮስ አስፋልት አይጠይቅም፤ ኮረብታና አፈር ካለ ይበቃዋል።

ቀድሜ ወደ ጭቃው ሞተረኛ እመለሳለሁ ያልኩትም ለዚህ ነው። ኢሉባቦር አፈርና ጭቃ የሞላበት አገር ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው፣ መንገዱ ቀይ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለቱ አያልቅም። ትራክ ስለሌለን ምንም ማድረግ አንችልም ብለን ብናስብ ግን ተሳስተናል። ኬኒ ሮበርትስ በ1978 በ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነው፤ ያደገው በአፈር ሜዳ ውድድር ነው። የ2007ና የ2011 ሻምፒዮኑ አውስትራሊያዊው ኬሲ ስቶነር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተወዳደረው በአፈር ላይ ነው፤ አስፋልት ላይ የተሰለፈው ወደ እንግሊዝ ከሄደ በኋላ በ14 ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቫለንቲኖ ሮሲ ታቩሊያ በተባለች የጣልያን ትንሽ ከተማ አጠገብ ሜዳ ሠርቶ ልጆች ያሠለጥናል፤ ሜዳው አፈር ነው። ከዚያ ከሠለጠኑት አንዱ ፍራንቼስኮ ባኛያ በ2022ና በ2023 የሞቶ ጂፒ ሻምፒዮን ሆኗል። እዚያ ሜዳ ላይ ልጆቹ ሞተሩን ወደ ግራ አጋድመው፣ የኋላ ጎማው እየተንሸራተተ፣ የግራ እግራቸውን መሬት ላይ እያስነኩ ዙሩን ይይዛሉ። ጫማቸው እንዳያልቅ ከሥሩ ብረት ይታሰርለታል። የሚማሩት የጠቀስኩት የጭቃው ልጅ የሚያውቀውን ነው፤ የኋላው ጎማ ሲከዳ አለመደንገጥን።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ክፍል ልግባ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ወላጆችን መክዳት ይሆናል። ሐምሌ 2021 በአውሮፓ የታዳጊዎች ውድድር ላይ ስፔን አራጎን ውስጥ ሁጎ ሚያን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ወድቆ ሌላ ሞተር ገጭቶት ሞተ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የ15 ዓመቱ ዲያን ቤርታ ቪኛሌስ ሄሬዝ ላይ ሞተ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግንቦት ላይ የ19 ዓመቱ ጄሰን ዱፓስኪዬ ሙጄሎ ላይ ሞቶ ነበር። ሦስቱም ምርጥ የራስ ቁር፣ ምርጥ ልብስ፣ አጠገባቸው የሚጠብቅ ሐኪም ነበራቸው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽንና አዘጋጆቹ በዚህ ምክንያት ደንቡን ቀየሩ፤ ከ2023 ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ለመሰለፍ ዝቅተኛው ዕድሜ በጥቅሉ 18 ሆነ፤ በታዳጊ ውድድር ሻምፒዮን ለሆኑ ልዩ ፈቃድ አለ። የታዳጊዎቹ ውድድሮች የመነሻ ዕድሜም ከፍ ተደረገ፤ በአንድ ውድድር ላይ የሚሰለፉት ብዛትም ተቀነሰ። የተቀነሰበት ምክንያት ግልጽ ነው። ብዙ ልጅ ተጠጋግቶ ሲነዳ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው ያለው የሚያመልጥበት ቦታ የለውም። የሞተር ውድድር አደጋ የለውም የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ነገር ግን ንጽጽሩን በትክክል አድርጉ፤ ያለ ራስ ቁር፣ ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ፣ ጫት ቅሞ፣ በምሽት፣ ከጭነት መኪና ፊት ለፊት የሚነዳ ልጅ በየቀኑ የሚገባበት አደጋ ከዚህ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ያንን አደጋ ግን ማንም ደንብ አውጥቶ፣ ዕድሜ ወስኖ፣ ሐኪም አቁሞ አልተቆጣጠረውም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ እንዲህ ያለ መሰላል በሩጫ ውስጥ አለን። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ደራርቱ ቱሉን የማያውቅ የለም፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች። የመጣችው ከበቆጂ ነው። በቆጂ ትንሽ ከተማ ናት፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ናቸው። እዚያ የነበረው ሀብት አንድ የስፖርት መምህር ነበር፤ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። እሱ ልጆቹን በጠዋት ሜዳ ላይ ሰበሰበ፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የወረዳ፣ የክልል፣ ከዚያ የአዲስ አበባ ክለብ፣ ከዚያ ብሔራዊ ቡድን። ልጁ ዛሬ የት እንዳለና ነገ ወዴት እንደሚያልፍ ያውቃል። ሩጫችን ዓለምን ያስደነቀው ልጆቻችን እግር ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ ደረጃው ስለተሠራላቸውም ጭምር ነው።

ከሩጫ ይልቅ ለሞተር የሚቀርበው የብስክሌቱ ታሪክ ነው፤ እሱም ሁለት ጎማና መሣሪያ የሚጠይቅ ውድ ስፖርት ነው። ፅጋቡ ግርማይ የመቀሌ ልጅ ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ ክለቦች ነበሩ፤ ልጆች በየሳምንቱ ይወዳደሩ ነበር። ፅጋቡ ከዚያ ተነስቶ በ2012 አንድ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ውስጥ ገባ፤ በ2015 ላምፕሬ ሜሪዳ የተባለው የጣልያን ቡድን ወሰደው፤ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፈረንሳይ ድረስ የሚሄድ ልጅ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል ይህ አሳይቷል። መቀሌ ላይ የሰፈር ውድድር ባይኖር ኖሮ ግን ማንም ፅጋቡን አያየውም ነበር። አውሮፓ የሚመጣው ለመምረጥ ነው፤ ልጁን የምናሳድገው እኛ ነን።

እንግዲህ በመቱ ምን ይደረግ? ያሰብኩትን ልናገር፤ የተሻለ ሐሳብ ያለው ደግሞ ያርመኝ።

ከከተማው ወጣ ያለ፣ ሰውና ከብት የማያልፍበት አንድ ሜዳ ይመረጥ። ሦስት መቶ ሜትር የሚሆን ክብ መስመር ይበጅለት፤ ቢያንስ አራት ሞተር ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ስፋት ይኑረው። ኩርባዎቹ ላይ መከላከያ ያስፈልጋል። የቡና ገለባ በየመፈልፈያው ተከምሮ የሚቀር ነገር ነው፤ ጆንያ ውስጥ ሞልታችሁ ብትደረድሩት ልጁ ቢወድቅ ይቀበለዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዝናብ የመታው ገለባ ይከብዳል፣ ይጠጥራልም፤ ስለዚህ ከዝናብ በኋላ መቀየር አለበት። የተመልካቹ ገመድ ከመከላከያው ጀርባ ቢያንስ አሥር እርምጃ ይራቅ። በዓለም ሁሉ ውድድር የሚመራው በባንዲራ ነው፤ ቢጫ ሲውለበለብ አደጋ አለ፣ ማለፍ ክልክል ነው፤ ቀይ ሲውለበለብ ሁሉም ይቆማል። ይህን ከትምህርት ቤት መምህራን መካከል ፈቃደኛ የሆነ በአንድ ቀን ይማረዋል።

ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ ከመቶ እስከ 125 ሲሲ ያሉት ይበቃሉ። አምስት ወይም ስድስት ሞተር ለዚህ የሚቋቋም ማኅበር ይግዛ ወይም ባለ ጋራዦች ያዋጡ፤ ልጆቹ በዕጣ ይያዙ። ኢንጂኑን ማንም እንዳይነካው ይታሸግ። ፍሬንና ካቴና ግን ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ይፈተሽ። እዚህ ላይ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና የመቱ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ቦታ አላቸው። በውድድር ዓለም ውስጥ ከአንድ ነጂ ጀርባ መካኒክ አለ፣ የጎማ ባለሙያ አለ፣ የሞተሩን መረጃ የሚያነብ መሐንዲስ አለ፣ ሐኪም አለ። ከዚህ ሜዳ የሚወጡት አብዛኞቹ ልጆች ሞቶ ጂፒ አይገቡም፤ ይህን ዛሬውኑ በግልጽ ልነግራቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከእነሱ ውስጥ ጥሩ መካኒክ፣ ጥሩ የድርጅት ሾፌር፣ ጥሩ አሠልጣኝ ይወጣል። ለሞተረኛው ሁሉ ደግሞ የሚጠቅመው ትምህርት አለ፤ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ በሥርዓት የተማረ ሰው መንገድ ላይም ያንኑ ያደርጋል።

የማይቀነሱ ነገሮች አሉ። ፊትን የሚሸፍን የራስ ቁር፣ ረጅም ቦት ጫማ፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ጓንት። በሜዳው አጠገብ የሚጠብቅ አምቡላንስና የመጀመሪያ ዕርዳታ ባለሙያ። አምቡላንሱ ከሌለ ውድድሩ ይሰረዛል፤ ሌላ ጊዜ ይደረጋል እንጂ ያለ እሱ አይጀመርም። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የወላጅ ፈቃድ ያምጣ፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ወደ ትምህርቱ እስኪመለስ አይሰለፍ። ጫት የቃመ ወይም የጠጣ ከሜዳው ይውጣ። በመንገድ ላይ ሲሽቀዳደም የተያዘ ልጅ ለዚያ ዓመት ከውድድሩ ይታገድ። ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ የሚወደውን ነገር ሊያጣ መሆኑን ሲያውቅ ጓደኞቹን ራሱ ይቆጣጠራል።

ሴቶች ልጆችም በዕጣው ውስጥ ይግቡ። ስፔናዊቷ አና ካራስኮ በ2018 ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ሱፐርስፖርት 300 በሚባለው ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በአስፋልት ትራክ ላይ ለብቻ በሚነዳ የሞተር ሳይክል ውድድር የዓለምን ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2024 ደግሞ የሴቶች ብቻ የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደችው እሷው ናት። ሞተር የሚጠይቀው ክንድ ብቻ አይደለም፤ ሚዛን፣ ትዕግሥትና ዓይን ነው። ገበያ ውስጥ ሞተር የምትነዳ ልጅ አይታችሁ የምትስቁ ወንዶች ካላችሁ ወደ ሜዳው ኑና ሰዓቷን ተመልከቱ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ በደሌ፣ ያዮ፣ ጎሬና ቡሬ የየራሳቸውን ሜዳ ሲይዙ ይመጣል። የመቱ አሸናፊዎች ከበደሌ አሸናፊዎች ጋር ይጋጠማሉ፤ የአካባቢው ምርጦች ወደ ክልሉ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደረጃ የሚሠሩት ከእኛ በላይ ያሉ ተቋማት ናቸው፤ ታችኛው ደረጃ ሳይኖር ግን ላዩን ሠርተው የሚያስገቡት ልጅ አያገኙም። የጎረቤት አገሮች የሞቶክሮስ ሜዳዎችም ያን ጊዜ ለእኛ ልጆች ሩቅ አይሆኑም።

ወላጆች፤ ልጃችሁ ሞተር ሲወድ አትደንግጡ፤ የት እንደሚነዳ ግን ጠይቁት። ባለ ጋራዦች፤ አንድ ሞተርና የሁለት ሰዓት ሥራ ስጡ። የከተማው አስተዳደርና የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት፤ አንድ ሜዳ ስጡን። ወጣቶች፤ ከዛሬ ጀምሮ በአስፋልቱ ላይ መሽቀዳደም አቁሙ። የቡና ለቀማው ሲያበቃ፣ ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ሜዳውን ለማመቻቸት አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ፤ ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት አስመዝግቡ።